ሳይበሩ የቀሩት የሌሊት ወፎች

በደርግ ጊዜ ነው... ታኅሣሥ ላይ፣ ረፋዱን። እኔና የአጎቴ ልጅ ሰይድ አምባሰል ገደል ሥር ካለች ዋሻ ገብተን ተደብቀናል። ታች መንደሩ ውስጥ አፈሳ ነው፤ የተያዘ ወጣት ሁሉ ወደ ጦር ግንባር ይጫናል።

ከራሳችን በላይ የሌሊት ወፎች ተንጠልጥለዋል። ክንፋቸውን እንደ ጋቢ ተከናንበው... አፍንጫቸው ላይ ቅጠል የሚመስል ቆዳ አለ።

«እነዚህም ከአፈሳ ሸሽተው ነው» አለኝ ሰይድ። ሳቄን በመዳፌ አፈንኩት።

ወዲያው ኮቴ ሰማን። ሁለት ታጣቂዎች ናቸው። አንዱን በድምፁ ለየሁት፤ ጎረቤታችን ጋሽ ይማም። ሌላውን አላውቀውም። ይኸኛው ከዋሻው አፍ ቆሞ ባትሪ አበራ... ብርሃኑ ጣሪያው ላይ አረፈ።

«ግባና እይ እንጂ!» አለው የማላውቀው።

«ምኑን አየዋለሁ? ሰው ያለበት ዋሻ የሌሊት ወፍ አይቀመጥም። አንድ ሰው ከተነፈሰ ግር ብለው ነው የሚወጡት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወላሂ! የዚህ አገር ልጅ እኔ ነኝ አንተ?»

ባትሪው ጠፋ። ኮቴው ራቀ።

እኛ ግን ነበርን... እየተነፈስን። ታዲያ ለምን አልበረሩም?

ሰይድ እጁን ዘርግቶ አንዷን ነካት። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዛለች። ሞታለች ስንል መንቀጥቀጥ ጀመረች... ዓይኗን የገለጠችው ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው። ኋላ እንደሰማሁት፣ በብርድ ወራት ገላቸውን አቀዝቅዘው፣ ትንፋሻቸውን ቆጥበው ይሰነብታሉ። ቢነኳቸውም እንኳ ቶሎ መብረር አይችሉም።

ጋሽ ይማም ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ወይስ አውቆ ነው ያተረፈን? ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

አፈሳው ጋብ ሲል ሐይቅ ገበያ አገኘሁት። ዓሣ እየመረጠ ነበር።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ዋሻው ውስጥ መሆናችንን ታውቅ ነበር?»

«የትኛው ዋሻ?»

«የሌሊት ወፎቹ ያሉበት።»

«እዚያ ሰው አልነበረም።»

«እኔ ነበርኩ እኮ!»

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ቀልድ ፈለግሁ... የለም። ቁጣም የለም።

«አልነበርክም አልኩህ። ብትኖር ይበሩ ነበር።»

ዓሣውን አንጠልጥሎ ሄደ።

ሰይድን ልጠይቀው አስቤ ነበር... ግን እሱም «አልነበርክም» ቢለኝስ?