ከካርቶኑ ላይ የዘለልኩት መስመር

ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል። ግድግዳ የምትጋራኝ ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ አዲስ ብሉቱዝ ስፒከር ገዝታ መጣችና «ጋሼ፣ እርስዎ አንባቢ ነዎት፤ ካርቶኑ ምን ይላል?» አለችኝ። ኮልፌ ውስጥ ዕድሜ ልክ መጽሐፍ ማገላበጥ የሚያስገኘው ማዕረግ ይሄ ነው፤ የሰፈሩ ካርቶን ሁሉ ወደ ደጅህ ይመጣል።

አነበብኩላት። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ አሥር ሰዓት ይሠራል። እስከ አሥር ሜትር ርቀት ድረስ ከስልክ ጋር ይገናኛል። የማይክ መሰኪያ አለው። ውሃ አያስገባም።

«ውሃም አያስገባ? ከቤቴ ተሻለ በሉኛ!» አለች።

አንድ መስመር ዘለልኩ፤ በአንድ ጊዜ የሚገናኘው ከአንድ ስልክ ጋር ብቻ ነው ይላል። በተንኮል አልነበረም፤ ሰልችቶኝ ነው። መሥራቱን ለማየትም መጀመሪያ ያገናኘሁት ከራሴ ስልክ ጋር ነበር። «ኮኔክትድ!» ብላ አንዲት የማላውቃት ሴት ከውስጡ ጮኸች፤ ተገናኝቷል ማለቷ ነው። ከዚያ የጎረቤቴን ስልክ አገናኘሁላት።

ከማግሥቱ ጀምሮ ገና ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግድግዳዬ ይዘፍን ጀመር። ባትሪው እንደተጻፈው አሥር ሰዓት ሙሉ ሠራ። ካርቶኑ ያለውን ያህል የሚሠራ ዕቃ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እሱም በእኔ ላይ። ብነግራት «ጋሼ፣ የስፌት መኪናው ብቻውን ሲንኳኳ ይጨንቀኛል» አለችኝ። ስለዚህ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ዝም እንድትል እንዲያዝልኝ ለእድራችን አቤት ልል ወሰንኩ። ንግግሬን በስልኬ እየቀዳሁ፣ መልሼ እየሰማሁ ተለማመድኩ።

እሑድ ስብሰባው እኛው ግቢ ውስጥ ሆነ። የእድሩ ሰብሳቢ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ከፊት ወንበር አያልፍም። ማን ደረሰላቸው? ጎረቤቴ፣ ለስብሰባው ስልኳን አጥፍታ፣ ስፒከሯን ከነማይኩ ይዛ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ስታበራው «ኮኔክትድ!» አለ። ከማን ጋር እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

ተራዬ እስኪደርስ ንግግሬን ለመጨረሻ ጊዜ ልስማው ብዬ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ከፈትኩት። ምንም አይሰማም። ድምፁን እስከ ጥግ ጨመርኩት።

«የተከበራችሁ የእድራችን አባላት!» አለ የገዛ ድምፄ ከጠረጴዛው ላይ። «ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እዚህ ጋ ትንሽ ሳል ማድረግ፤ እህህ...» ከዚያ ከጓዳ የባለቤቴ ድምፅ ተከተለ፦ «የምን አልዞረም! ማንኮራፋትህ አይደል እንዴ እኔን ያስነሳኝ?»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። «ሳሏን ይድገሙልን ጋሼ!» አለ አንዱ ከኋላ። ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንፈቀፈቃለች። እኔ ስልኩን ለማጥፋት ስታገል ሰብሳቢው ማይኩን አነሱ።

«ስማ ወንድሜ፤ የእሷ ስፒከር ውሃ አያስገባም አሉ። ያንተ አቤቱታ ደግሞ ውሃ አያነሳም። ትዝፈን!»

ቤቴ ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ። የስፒከሩ ስም አጠገብ ግንኙነቱን የሚሰርዝ «እርሳ» የሚል ቁልፍ አለ። ልነካው ጣቴን ስዘረጋ ያ የዘለልኩት መስመር ትዝ አለኝ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ስፒከሯን ስታበራው ከእሷ ቀድሜ የእኔን ስልክ አገናኛለሁ፤ ከአልጋዬ እስከ ስፌት መኪናዋ አሥር ሜትር አይሞላም። ምንም አልከፍትም። እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ዝምታ አሰማታለሁ፤ ከዚያ እለቅቀዋለሁ። እድሩ የከለከለኝን ካርቶኑ ሰጠኝ።

ባለፈው ሳምንት ካርቶኑን በብብቷ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጠዋት ጠዋት ኮኔክትድ ይላል እንጂ አይዘፍንም። ያኔ ሳያነቡልኝ የቀረ ነገር ይኖር ይሆን?» ዓይኗን ከስልኬ ላይ አልነቀለችም።

«እስቲ መነጽሬን ልፈልግ» አልኳት።

«ግንባርዎ ላይ ነው» አለችኝ።