የጃፓኗ አሻንጉሊት እጅጌ

እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጀፕ ሰፈር የልብስ ሱቅ የነበረው ጋሽ ኤርሱሞ፣ ሙሽራና የሙሽራ እናት ፊት ሌባ ብሎኛል። ይህ ይመዝገብልኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ይህን ለመጻፍ ግን ይበቃል።

ሱቁ የገባሁ ቀን ቁልፍ የሞላ ጣሳ አስታቀፈኝ። «መጀመሪያ ቁልፍ ትተክያለሽ፤ ቀጥሎ ጠርዝ ትዘመዝሚያለሽ፤ የስፌት መኪናው ላይ የምትቀመጪው ጌታ ሲፈቅድ ነው» አለኝ። ጌታ ስምንት ወር አሰበበት።

የሙሽራዋ ካባ የመጣው ታኅሣሥ ላይ ነው። እዚህ አገር ታኅሣሥ እሳት ነው። እናትየዋ ወርቃማ፣ ቀይና ነጭ፣ ሦስት ድርብ አዘዘች። ልጅቱ ቃል ኪዳን ሳትገባ ልትቀቀል ነው ብዬ ወርቃማውን ብቻ ሙሉ ሰፋሁ። ቀዩና ነጩ ከሥሩ ብቅ እንዲሉ አንገቱና እጅጌው ጫፍ ላይ አራት አራት ጣት ገጠምኩ። የተረፈውን ጨርቅ አጥፌ፣ ጋሽ ኤርሱሞ ምሳ በወጣበት ሰዓት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

እናትየዋ ከሙሽራዋ ጋር ልትረከብ መጥታ ካባውን ገልብጣ «ሌላው የት ገባ?» አለች።

«እሷን ጠይቂያት፤ ሌባ ናት» አለ ጋሽ ኤርሱሞ።

ለእናትየዋ አለመናገሬ ጥፋት ነው። ስርቆት ግን ሌላ ነው። ወደ ቁልፍ ጣሳዬ ተመለስኩ፤ ሥራውን እስክተው ከጣሳው አልወጣሁም። ተቀጥራችሁ የምትሰፉ ልጆች፣ የተረፈ ጨርቅ ስትመልሱ ሰው እያየ መልሱ።

ዘንድሮ የልጅ ልጄ ሊዲያ የጃፓን አሻንጉሊቶች መጥተዋል ብላ ሙዚየም ወሰደችኝ። በዓመት አንዴ ለሴት ልጆች የሚደረደሩ ናቸው አለችኝ። አንዷ ንግሥት ናት፤ ዱቄት ላይ በፊቷ የወደቀች ትመስላለች። እጅጌዋ ላይ አምስት ቀለም ተደራርቧል። ተንበርክኬ በመስታወቱ ወደ እጅጌው ውስጥ አየሁ።

«ጎጎ፣ ፕሊስ! የሰው ንግሥት ልብስ ውስጥ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለች ሊዲያ፤ እዚህ አገር አያት «ጎጎ» ናት።

ከላይኛው በቀር አራቱ ቀለም ጣት ያህል ገብቶ ያልቃል! አስጎብኚዋን በሊዲያ በኩል ጠየቅኩ። ሁሉም ሙሉ ቢሆን አሻንጉሊቷ ድብልብል ትል ነበር፤ የባለሙያዎቻቸው የቆየ ዘዴ ነው አለች።

«ዘዴ ነው ያለችውን ድገሚልኝ» አልኳት ሊዲያን።

ቅዳሜ ጋሽ ኤርሱሞን ትሮይቪል ሰፈር ካለው ቤቱ አወጣሁት።

«በዚህ ዕድሜዬ አሻንጉሊት?»

«አትጫወትባትም፤ ታያታለህ።»

ከሊዲያ ጋር ሙዚየም አደረስነው፤ ከዘራውን ተደግፎ ወደ እጅጌዋ ጎንበስ አለ።

«ታዲያ ያኔ የጃፓን አሠራር ነው አትዪኝም ነበር?»

«ስለ ጃፓን አልጠየቅኩህም። ጨርቁን ወስጃለሁ?»

የሙዚየሙን ጥበቃ አየ፣ ሊዲያን አየ። «ቀስ በይ፣ ሰው አለ።»

«ያኔም ሰው ነበር።»

ወለሉን በከዘራው መታ መታ አደረገ።

«አልወሰድሽም። የዚያኑ ዕለት ጠረጴዛዬ ላይ አግኝቼዋለሁ።»