እጃችን ሳይወርድ

ልጄ ስምንተኛ ክፍልን ስትጨርስ ተደሰትሁ፤ ወዲያውም ፈራሁ። በቀበሌያችን ዘጠነኛ ክፍል የለም። ቆሰበር ከተማ ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ለስንቅ በጫካው መንገድ መመላለስ ነው። የጎረቤቴን ልጅ አጋቾች የወሰዷት ከዚያ መንገድ ላይ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት ተመለሰች፤ ወደ ትምህርቷ ግን አልተመለሰችም።

የትምህርት ቤታችን ቦርድ፣ ወላጆች እንጨት አዋጥተን ለዘጠነኛ ተማሪዎች አንድ ክፍል እንድንሠራ አሰበ። ድሮ አባወራዎች እጅ ካወጡ ይበቃ ነበር። አሁን ክልሉ ደንቡን ቀይሯል፤ አባትም እናትም እያንዳንዳቸው ይቆጠራሉ፣ ከወላጆች ከግማሽ በላይ ካልተገኘ ደግሞ ውሳኔው አይጸናም። እናቶች በመቆጠራችን ደስ አለኝ። ስብሰባው ሲጠራ ግን የመጣነው ጥቂት ነን። በዚህ የግጭት ጊዜ መሰብሰብ ያስፈራል። ማን እንደሚያይ፣ ምን ብሎ እንደሚተረጉመው አይታወቅም።

"ለቅሶ ቢሆን ይሄኔ ግቢው አይበቃንም ነበር" አለች አንዲት እናት።

"ታዲያ ማን ይሙትላችሁ?" አሉ ሽማግሌው የቦርዱ ሰብሳቢ።

"እርስዎ አሉ አይደል፣ አባባ፣ የሁላችን ታላቅ!"

"ክፍሉን ሳላይማ አልሞትም!"

ሳቅን። ከዚያ ቄሱን ለመንናቸውና የእሑዱ ሰንበቴ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሆነ። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ነጠላውን እንደለበሰ መጣ። ዳቦው ተባርኮ ተበላ። ርእሰ መምህሩ "ክፍሉ ይሠራ የምትሉ" ሲል እጃችንን አወጣን።

መቁጠር እንደጀመረ ከወንዙ ማዶ ተኩስ ተሰማ። ልጄ ቤት ብቻዋን ናት።

"እጃችሁን አታውርዱ" አለ ርእሰ መምህሩ። "ያልተቆጠረ አይጸናም።"

በሌላው እጄ ማተቤን ጨብጬ "እመቤቴ፣ ጠብቂልኝ" አልሁ። ደግመው ተኮሱ። አጠገቤ ያለችው ሴት ታለቅሳለች፤ እጇ ግን እንደተነሣ ነው። መምህሩ በመሐላችን እየዞረ ይቆጥራል። እንደዚያ ቀን ቀስ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

"አልፏል!" ሲል ሮጥሁ። ልጄ አልጋ ሥር ገብታ አገኘኋት። ደህና ናት። አቅፌያት እዚያው መሬቱ ላይ ቆየሁ።

ክፍሉ፣ ለከሰል ብለን በየጓሯችን በተከልነው የዲከረንስ ዛፍ ቆመ። ልጄ አሁን የምትሄደው ከደጄ በሚታይ መንገድ ነው። ስለዚህች አጭር መንገድ አምላኬን አመሰግናለሁ። ቢሆንም የትምህርት ቤቱ ደወል እስኪደወል ድረስ ደጅ እቆማለሁ እንጂ አልቀመጥም።