ነጭ ብቻ የምትሰፋው እህቴ

ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከነጭ በቀር ሌላ ጨርቅ አትቀበልም ነበር። የሙሽራ ቀሚስ፣ የነርስ ጋወን፣ የትራስ ልብስ፣ ሁሉም ነጭ። ሰፈሩ «ነጯ» ይላታል፤ የሙያ ኩራት ይመስላቸዋል። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ነኝ። ከክርኗና ከእጇ ጀርባ የሚረግፈው ቅርፊት ነጭ ላይ አይታይም።

ያልሞከርነው ቅባት አልነበረም። እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንዳይጋባብን ብላ የእህቴን ብርጭቆ ለይታ አስቀመጠች። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ እናቴ ካለፈች በኋላ እንኳ ለብቻው አጥበው ነበር።

ዘንድሮ አብሬያት ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሕመሙ ሶሪያሲስ ይባላል አለችን ሐኪሟ። ሰውነትን የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የገዛ ቆዳውን ያስቆጣዋል፤ በወር የሚታደሰው ቆዳ በቀናት ይታደሳል፤ አሮጌው ሳይረግፍ አዲሱ ይደረብበታል። ጨርሶ ባይጠፋም በመድኃኒት ይበርዳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

«የቆዳዬ ስፌት ማሽን ፈጠነ በሉኛ» አለች እህቴ። ሐኪሟ ሳቀች። እኔ ብርጭቆውን እያሰብኩ ነበር። ቤት እንደገባን ከሌሎቹ ጋር ደረደርኩት። እህቴ ስደረድር አየችኝ።

በሳምንቱ አንዲት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ለተመራቂዎች አርባ ጥቁር ጋወን ልታሰፋ ጨርቅ ይዛ መጣች። እምቢ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ እህቴ እጅጌዋን ሰብስባ ጥቁሩን ጨርቅ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ቅርፊቱ ጠብ ጠብ አለበት። ዳይሬክተሯ ልጆቹን እንዳይዝብኝ ብላ ጨርቋን መጠቅለል ጀመረች።

እህቴ ድምጿን ሳታነሳ «አይዞዎት፣ ሶሪያሲስ ነው፤ አይጋባም» አለቻት። «ቆዳዬ ይረግፋል፤ በብሩሽ አነሳዋለሁ። ስፌቴ ግን አይተረተርም። እህቴን ይጠይቋት፤ ዕድሜ ልኳን ከእኔ ጋር ናት።»

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች። በሰው ፊት መናገር ለእኔ ሞት ነው። ማሽኑ አጠገብ እህቴ ከብርጭቆዋ ጠጥታ ያስተረፈችው ውሃ ነበር፤ አነሳሁና ጨለጥኩት።

«እትዬ፣ ውሃዬን» አለች እህቴ፣ ሳቋን እየዋጠች።

ዳይሬክተሯ እኔንም ባዶውን ብርጭቆም አየች። ከዚያ ጨርቁን መልሳ ዘረጋችና መቼ ይደርሳል ብላ ጠየቀች።

ለካ በቤታችን አንዲት ጥቁር ክር የለችም። ልገዛ ወጣሁ። ባለሱቁ «ነጯ ጥቁር ክር ምን ያደርግላታል?» አለኝ።

«ትሰፋበታለቻ» አልኩት። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቶኛል መሰለኝ።