ሠላሳ ሦስተኛዋ ፍሬ

ዛሬም መካነ ሰላም ውስጥ ፋርማሲ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ አዮዲን ጠርሙስ ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ አሳብዶኝ ነበር።

የኬሚስትሪ መምህራችን አንድ ቀን ውሃ የመሰሉ ሁለት ፈሳሾች ቀላቀሉ። ምንም አልሆነም። መምህሩ እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ከዚያ ማንም ሳይነካው ብርጭቆው ባንድ ጊዜ ጥቁር አለ። ጮህኩ! ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ፤ ግድም አልነበረኝም።

ነገሩን አስረዱን። በአንደኛው ብርጭቆ ያለው አዮዲን ነው፤ ቫይታሚን ሲ ሲጨመርበት ቀለሙ ይጠፋል። በሌላው ቁስል የሚታጠብበት ፐርኦክሳይድና የድንች ቅቅል ውሃ አለ። ሲገናኙ ፐርኦክሳይዱ አዮዲኑን መልሶ ያወጣዋል፣ ቫይታሚኑም እየተከታተለ ያጠፋዋል። ቫይታሚኑ ያለቀ ጊዜ ግን አዮዲኑን የሚይዘው የለም፤ የድንቹን ስታርች ያገኝና ያጠቁረዋል።

አባቴ ቁርአን አስተማሪ ናቸው። ተፈጥሮ ሳይንስ ልመርጥ እንደሆነ ልነግራቸው ፈልጌ ይህንኑ እቤት ሠርቼ አሳየኋቸው። ምን ያለሁ ቂል ነበርኩ! «አዑዙ ቢላህ!» ብለው ወደ ኋላ አሉ። «ይሄ ሲህር ነው።» ድግምት ማለታቸው ነው። ለምኜ ለምኜ አንድ ቃል አገኘሁ።

«መቼ እንደሚጠቁር ቀድመሽ ከነገርሽኝ ዕውቀት ነው። ካላወቅሽው ግን ማኅበራዊ ሳይንስ ትማሪያለሽ፤ አበቃ።»

ሥራዬን ጀመርኩ። በየቀኑ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ደጃፋችንን ስታሞቀው፣ ቫይታሚኑን ቀነስ ጨመር አደርጋለሁ። ሲበዛ ይዘገያል፣ ሲያንስ ይፈጥናል። የምቆጥረው በአባቴ መቁጠሪያ ነው፤ ለእያንዳንዷ ፍሬ አንድ «ሱብሃነላህ»። በመጨረሻ ሠላሳ ሦስተኛዋ ፍሬ ላይ ጠቆረልኝ። ደገምኩት፣ ሠላሳ ሦስት። ሠለስኩት፣ ሠላሳ ሦስት! ያን ቀን እራት አልበላሁም፤ ደስታው አጥግቦኛል።

የትምህርት ዘርፍ የምንመርጥበት ዕለት አባቴ ትምህርት ቤት መጡ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ የመካነ ሰላምን የጠዋት ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ጠርሙሶቼ ያደሩት ላብራቶሪ ውስጥ ነበር። መምህሩ የስም ዝርዝሩን ይዘው ተቀመጡ፤ ከእኔ ስም ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው።

«ሠላሳ ሦስት!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ቀላቀልኩ። አባቴ መቁጠሪያቸውን ያዙ። ሠላሳ ሦስት አለፈ። አርባ። ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ሃምሳ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሃምሳ ስምንተኛዋ ላይ ጠቆረ።

«ቃልሽ አልሞላም፣ ልጄ» አሉ አባቴ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

ብርጭቆውን ላነሣ ስይዘው ጣቶቼ ደነዘዙ። ያኔ ገባኝ!

«አባዬ፣ ይቆዩኝ! ብርዱ ነው! ሲበርደው ይዘገያል!»

መልሳቸውን አልጠበቅሁም። ከግቢው ሻይ ሻጭ ሙቅ ውሃ በሳህን ለምኜ እየሮጥኩ ተመለስኩ፤ ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ሁለቱን ጠርሙሶች ሳህኑ ውስጥ አቆምኳቸው። እቤት እንደለመድኩት ለብ እስኪሉ በእጄ እየዳሰስኩ ጠበቅሁ።

«አሁን ሠላሳ ሦስት» አልኩ። በሌላ ብርጭቆ ቀላቀልኩ።

አባቴ ቆመው ቆጠሩ። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። ሠላሳ አንደኛዋ ላይ ጥቁር አለ።

«ሁለት ጎደለ።»

«አብዝቼ አሙቄው ነው፣ አባዬ።» እንባዬ መጥቷል። «ከፈለጉ ላቀዝቅዘውና ይዘግይልዎ።»

አባቴ ሁለቱን ጥቋቁር ብርጭቆዎች በየተራ በጣታቸው ነኩ። አንዱ ቀዝቃዛ፣ አንዱ ለብ ያለ። ደግመው ነኳቸው። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞሩ።

«ሲህር ብርድ አይፈራም» አሉ። «ተፈጥሮ ሳይንስ ብለው ይጻፏት።»