ኮኪት የቀረው ልጅ

ኮኪት በምትባል የቆላ ከተማ በጤና ትምህርት ባለሙያነት ከተመደብኩ ጀምሮ ቀኔ የሚያልፈው በመናገር ነው። ክረምት ሲገባ ከጎጃምና ከወሎ ለሰሊጥ አረም የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች በየእርሻው ካምፕ እየዞርኩ ስለ ወባ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ እጅ መታጠብ አስተምራለሁ። ድምፅ ማጉያውን ከያዝኩ ቃል አጥሮኝ አያውቅም ነበር።

ኮሌራ በገባበት ክረምት አንድ የጎጃም ወጣት በትራክተር ተሳቢ ተጭኖ ወደ ጤና ጣቢያችን መጣ። ታላቅ ወንድሙ ጭንቅላቱን ታቅፎታል። መንገዱ ጭቃ ስለነበር እስኪደርሱ ድረስ ልጁ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ድምፁ ሰልሎ ነበር። ነርሶቹ ግሉኮስ ቢሰቅሉለትም ከሰዓት በኋላ ዐረፈ።

ወንድምየው አላለቀሰም። ወደ እኔ መጣና፣ «እህቴ፣ መኪና ፈልጊልኝ። አገሩ ልውሰደው» አለኝ።

እንዲህ ያለውን ማስረዳት የኔ ሥራ ነው። አስከሬኑ ከዚህ እንደማይወጣ፣ ቤተሰብ እንደማያጥበው፣ ጓንት ያጠለቁ ሰዎች እንደሚቀብሩት ነገርኩት።

«እኔም አልነካው?»

«አትነካውም፣ ወንድሜ።»

«ካንድ ማሕፀን ወጥተን?»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስታስተምሩን ሰምተናል እኮ። ውሃውን በመድኃኒት እያከማችሁ ጠጡ አላችሁን። ማከሚያው ሲያልቅ ግን የመጣልን የለም፤ የተገኘውን ጠጣን» አለ። ሊወቅሰኝ አይመስለኝም። የሆነውን ነው የነገረኝ።

ልጁን የቀበርነው ዝናብ እያካፋ ነው። በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልሎ ወረደ። ቄሱ ራቅ ብለው ቆመው በጸሎት ፈቱት። ወንድምየው ወደ ጉድጓዱ ሊራመድ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ንጋት ላይ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ስለዚህ ለአጎቱ ብቻ ደውሎ አሳወቀና፣ ቁጥሬን ይዞ በማግስቱ ተሳፈረ።

ጥቂት ሰንብቶ በማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። እናትየው ነበሩ።

«ልጀ፣ ሲቀበር ነበርሽ አሉኝ።»

«ነበርኩ፣ እናቴ።»

«ቄሱ በክርስትና ስሙ ፈቱት?»

«በክርስትና ስሙ ነው። ወንድሙ ነገራቸው።»

«እሽ። ይኸ ደግ ነው።» ከዚያ ጠየቁኝ፦ «ውሃ ጠይቆ ነበር?»

ለሕዝብ ስናገር የኖርኩ ሰው አንዲት አጭር መልስ ብቻ አገኘሁ።

«ጠይቆ ነበር፣ እናቴ። ሰጥቼዋለሁ።»

«በጅሽ?»

«በእጄ።»

እውነት ነበር። ጨውና ስኳር ያለበትን ውሃ በኩባያ ይዤ ከንፈሩን አርሼለት ነበር፤ መዋጥ ግን አልቻለም። ይህን አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም። መርቀውኝ ስልኩን ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ይደውሉልኝ ጀመር። ልጁን አያነሱትም። ቆላው ሙቀቱ በረደልሽ ወይ፣ ባል አገባሽ ወይ ይሉኛል። እኔም ስለ ከብቶቻቸውና ስለ ጉልበታቸው እጠይቃለሁ። እሱ የተቀበረበትን ስፍራ አልፌ ወደ እርሻዎቹ ስሄድ፣ የእናቱን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ እያልኩ አስባለሁ።

ዘንድሮ ለፋሲካ አልደወሉም። መንገዱም ኔትወርኩም እንደ ድሮው አይደለም፤ ምናልባት በዚያ ምክንያት ይሆናል። ቁጥራቸውን አወጣና አይቼው መልሼ ስልኩን አስቀምጠዋለሁ። ማን እንደሚያነሳውና ምን እንደሚለኝ ፈርቼ እስካሁን አልደወልኩም።