ከነበርኖሴ መደርደሪያው መሃል

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በበርኖሴ ሰበብ መጻሕፍቱ ወዳሉበት ክፍል እንዳልገባ ከለከለችኝ። በደሉ ይኸው ነው። «ከሥሩ መጽሐፍ ይደበቅበታል» አለች። የጥቁር በጎቼን ጸጉር ሸልቼ ያሠራሁት በርኖስ የሌባ ከረጢት ሆነና አረፈው።

ፊደል የቆጠርኩት ጺሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ተማሪዎቹ በመጽሐፍ መስጫው መስኮት ርዕስ እየጠሩ መጽሐፍ ያስወጣሉ፤ እኔ አንድም ርዕስ አላውቅ።

«አባባ፣ ርዕሱን ይንገሩኝና ላምጣልዎ» ትለኛለች።

«ያላየሁትን በምን ስሙ ልጥራው? በግ እንኳ ላቱ ሳይዳበስ አይገዛም።»

ሦስት ጊዜ እንዲህ ተባብለን ሦስት ጊዜ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በአራተኛው ሰለቻትና የኮምፒውተሯን ስክሪን በመስኮቱ ወደ እኔ አዞረችው።

«ይኸው፣ የአዲስ አበባ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ነው። መደርደሪያው እንዳለ ይታያል። ከዚህ ይምረጡ።»

«እዚህስ በርኖሴን ላውልቅ?» አልኳት። አልሳቀችም።

በአንድ ጣት «በግ» ብዬ ጻፍኩ። መጻሕፍቱ በተርታ ተደርድረው መጡ፤ እኛ የበግ ጆሮ ላይ ምልክት እንደምናደርገው በየሥራቸው ቁጥር አለ። ቀስቱን ወደ ግራ ብነካው ከብት፣ ከዚያ ፈረስ፣ አለፍ ብሎ ገብስ። ወደ ቀኝ ፍየል፣ ቀጥሎ አሳማ! አማተብኩ። አሳማውን አልፌ ውሻ፣ ድመት፣ ንብ። ማለቂያውን ልይ ብዬ ብገፋ ብገፋ አያልቅም። በጋራ ግጦሻችን በጓሳ ላይ ጉሙ ድንገት ሲገፈፍ ሜዳው ሰውን እንዴት እንደሚያሳንሰው የቆመበት ያውቃል። እንደዚያ አነስኩ።

ወደ በጎቹ ስመለስ አንዱ ሽፋን ላይ አንገቷ የተጣመመ በግ አየሁ። አዙሪት፣ በግን እያዞረ የሚጥለው! ዕድሜዬን ሙሉ ቁርጥማት ነው፣ እርግማን ነው እያልኩ ጠበል የረጨሁበት፣ ስንቱን በግ የቀበርኩበት በሽታ። ለካ ሰው አውቆት፣ ጽፎት፣ ቁጥር ሰጥቶት ተቀምጧል።

«ይኼ እናንተ ጋ አለ?»

«የእኛ ገና ኮምፒውተር ላይ አልገባም። መኖሩን እንጃ።»

«እንግዲያው ገብቼ ልፈልገው። የአዲስ አበባው መደርደሪያ ከነበርኖሴ አስገባኝ፤ አንቺ ሦስት እርምጃ ላይ ያለውን ትዘጊብኛለሽ? ጓሳ እንኳ ተከልክሎ ተከልክሎ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል።»

 ተነሥታ የበሩን መቀርቀሪያ አነሣች።

በጉ ከፍየሉ በስተግራ መሆኑን በስክሪኑ አይቻለሁ፤ እዚህም አደራደሩ ያው ነውና ማንንም ሳልጠይቅ ደረስኩበት። የአዙሪቱ መጽሐፍ አልነበረም። ሌላ ነበር፣ ስለ በግ ጉበት። እሱን በገዛ እጄ አወጣሁ።

የገባሁት ጥር ፲፫ ቀን፣ በቃና ዘገሊላ ማግስት ነው።